የሚስቅ አፍ የሌለበት ክፍል

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ወር ዝም አለች። ቤት ውስጥ አይደለም። ቤት ውስጥ እንደ ድሮዋ ናት፤ ከእኔ ጋር ትነታረካለች፣ ዶሮዎቹን ትቆጣለች። ዝም ያለችው ትምህርት ቤት ነው። የነገሩኝ የክፍል ኃላፊዋ መምህር ናቸው። ከመሥሪያ ቤቴ አስጠርተው በር ላይ አቆሙኝ።

«እናቴ፣ አይቀየሙኝ። ልጅዎ መስማት ይቸግራታል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ስንጠይቃት አትመልስም። ተነሺ ስንላት ትነሣለች፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየች ትቆማለች። ፈተና ላይ ግን ትጽፋለች፣ ያውም ደህና አድርጋ። አልገባንም።»

እኔም አልገባኝም። ነገሩን ከእሷ ለማውጣት ሳምንት ፈጀብኝ።

እኛ ከደጋው፣ ፈረስ ቤት ከምትባል ከተማ የመጣን ነን። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ዝውውር ጠይቄ ወደ ፍኖተ ሰላም ወረድን፤ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ደጋ ላይ ሰው የሚነጋገረው ከሸንተረር ሸንተረር ነው፤ ድምፁን ያላነሣ ሰው ቃሉን ነፋስ ይወስድበታል። ልጄም በዚያ ድምፅ ነው ያደገችው። የእንግሊዝኛው መምህር ተነሥተሽ አንብቢ ሲሏት እንደለመደችው አነበበች። ከኋላ አንዱ «ከተራራ ማዶ ነው እንዴ የምትጠሪን?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ማዶ» ሆነ። ማዶ፣ ላጲስ አለሽ? ማዶ፣ ገበያው እንዴት ዋለ?

«አንቺስ ምን አልሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ። ከፋሲካ በኋላ ደምበጫ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። ሱቋን እጠብቅላታለሁ። ተነጋግረናል።»

ተነጋግረናል አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የቀረውን እሷን በጀርባዬ አዝዬ ነው የጨረስኩት። አክስቷ ደግ ሴት ናት፤ ሱቅ መጠበቅም ነውር የለውም። ነገር ግን ልጄ ወደ ሥራ እየሄደች አልነበረም፤ ከሳቅ እየሸሸች ነበር። ከሳቅ የሸሸ ሰው ደግሞ ደምበጫ ላይ አይቆምም።

ይህን ልነግራት ፈልጌ አልቻልኩም። ብዙ መናገር አልችልበትም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እመቤታችን ፊት ተሳልኩ። «አፏን ከፍተሽ ካሳየሽኝ ጥላ አገባልሻለሁ» አልኩ። ለታቦት የሚዘረጋውን፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለውን ጥላ ማለቴ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ከጥምቀት በኋላ እንግዳ መጣችብን። ከባሕር ማዶ፣ በበጎ ፈቃድ፣ በእነ ልጄ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ልታስተምር የመጣች ናት። ሴቶች ብቻ ያሉበት ቤት ሲፈለግላት የእኛ ግቢ ተገኘ፤ በር አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጠናት። ሠላሳ የሚሆናት፣ ረጅም፣ ፀሐይ ሲያገኛት ቶሎ የምትቀላ ሴት ናት። የባጃጅ ልጆች በነፃ ካላደረስንሽ ይሏታል፤ እሷ ግን የወደደችው የፈረስ ጋሪ ነው። ጠዋት ጠዋት ከባለ ጋሪው ጎን ቁጭ ብላ፣ ደብተሮቿን አቅፋ፣ ንግሥት መስላ ትሄዳለች።

የእኔ እንግሊዝኛ ከፋይል ጀርባ ላይ የተለቀመ ነው። የእሷ አማርኛ ደግሞ ከገበያ የተለቀመ። ቢሆንም ተግባባን። ጾም ሲገባ ሽሮ ከእኛ ጋር በላች፤ ማንም ጹሚ አላላትም። ልጄ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችላትም። ሳህኑን በሯ ላይ ታስቀምጥና ትሮጣለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ እንግዳዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አይናገሩም» አለችኝ በአማርኛ። «ሰባ ልጅ። ዓይን ብቻ።» በሁለት ጣት ዓይኖቿን አሳየችኝ።

ሥዕል ይዛ መጥታለች፤ መዝሙር አስተምራለች፤ ሁለት ሁለት እያደረገች አቁማቸዋለች። ማንም ቀድሞ አፉን መክፈት አልፈለገም። የከፈተም ተስቆበት ተቀመጠ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «አንዷ የእኔ ናት።»

የገባት አልመሰለኝም። እጄን ይዛ ግን ትንሽ ቆየች።

በሁዳዴ መካከል፣ አንድ ቅዳሜ፣ አባቴን ልንጠይቅ ስንሄድ እሷንም ይዘናት ሄድን። አባቴ ከቡሬ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ባለ ደብር የኔታ ናቸው፤ ለሕፃናት ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ። ዓይናቸው ከደከመ ዓመታት ሆኖታል። ልጆቹን የሚለዩአቸው በድምፅ ነው። ልጄም ስድስት ዓመቷ ሳለ አንድ ክረምት እሳቸው ጋ ከርማ ፊደል የቆጠረችው እዚያ ነው።

የበቆሎ አገዳ የቀረበትን ማሳ አቋርጠን ወንዙ አጠገብ ስንደርስ እንግዳዋ ድንገት ቆመች። ጣቷን አየር ላይ እያሽከረከረች «ንብ?» አለችኝ። ማር ከምንገዛበት ቤት የተማረችው ቃል ነው።

«ልጆች» አልኳት።

አላመነችም። ወንዙን ተሻግረን፣ ከዛፉ ሥር እስክናያቸው ድረስ አላመነችም። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች እዚያ ተቀምጠዋል። አንዱ ሀ ሁ ይላል፤ አንዱ አቡጊዳ ይላል፤ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ይዟል፤ ትልልቆቹ ዳዊት ላይ ናቸው። ሁሉም የየራሱን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ባለው ድምፅ። አባቴ መሃል ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ የተኙ ይመስላሉ። ድንገት መቋሚያቸውን ወደ ግራ ቀሰሩ።

«አንተ፣ ግንዱን የተደገፍከው። አንድ መስመር ዘለልህ። መለስ በል።»

ግንዱን የተደገፈው ልጅ መለስ አለ። የሌሎቹ ድምፅ አልተቋረጠም።

እኔ ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እንግዳዋ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እሷ ስትደነቅ ሳይ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ።

አባቴን ሰላም ብለን ከተቀመጥን በኋላ፣ እንዴት እንደሚሰሙ ጠይቂልኝ አለችኝ። ጠየቅሁ።

«የእናት ጆሮስ እንዴት ይሰማል?» አሉ አባቴ። «ሃያ ሕፃን ሲያለቅስ የራሷን ታውቅ የለ? እንደዚያው ነው።»

«ለምን አንድ በአንድ አያነቡም? ትላለች።»

አባቴ ሳቁ። «አንዱን አቁሜ ሌላውን ዝም ባሰኘው፣ ዝም ያለው ምን ይሠራል? ይስቃል እንጂ! እዚህ የሚስቅ አፍ የለም። ሁሉም ተይዟል።»

ይህን ማድረስ አቃተኝ። አፌን በጣቴ አሳየኋት፤ ሳቅሁ፤ እጄን አወናጨፍሁ። እንግዳዋ ደግሞ አብራኝ ሳቀች። የባሰ ተምታታ።

ያኔ ከኋላዬ፣ በቀስታ፣ አምስት ስድስት የእንግሊዝኛ ቃላት ተሰሙ። ልጄ ናት። መሬት መሬት እያየች፣ በሣር እየተጫወተች፣ የአያቷን ቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው።

እንግዳዋ ዞር ብላ አላየቻትም። እግዚአብሔር ይስጣት። ዞር ብትል ኖሮ ልጄ ትሸሽ ነበር። አባቴን እንዳየች ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ እኔም ልቀመጥ፣ እኔም ልማር አለች።

«ፊደል ታውቃለች?» አሉ አባቴ።

«ጥቂት።»

«እንግዲያ ጥቂት ከሚያውቁት ጋር ትቀመጥ።»

ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ፣ ስድስት ዓመት ከማይሞላቸው ልጆች መሃል አጎዛ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ሚጢጢ ልጅ በሰንበሌጥ ፊደሉን እየነካችላት አስጮኸቻት። እንግዳዋ እስከ «ሐ» ደርሳ ጠፋባትና ዝም አለች።

«ከመጀመሪያው!» ብላ ሚጢጢዋ ጮኸችባት።

«እውነቷን ነው» አሉ አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የተቋረጠ ከመጀመሪያው ነው። እንግዳም ቢሆን።»

እሷም ከመጀመሪያው ጀመረች። ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ከሠላሳ ልጆች ጋር፣ በሙሉ ድምፅ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ተይዟል።

ስንሰናበት አባቴ ልጄን ጎንበስ አድርገው ግንባሯን ሳሙ። «አንቺ ደግሞ» አሏት፣ «እዚህ የከረምሽ ጊዜ ድምፅሽን ወንዝ ማዶ ሆኜ እሰማው ነበር። እንደሱ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልመጣልኝም።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ነግረሻቸዋል ማለቷ ነው። አልነገርኳቸውም ነበር፤ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

ሰኞ ማታ እራት ላይ ልጄ፣ «ሴትዮዋ አብዳለች» አለችኝ።

«ምን አደረገች?»

«ስለምታውቁት ነገር አንድ ገጽ ጻፉ ብላን አልነበር? ዛሬ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ አለችን። እንደ አያቴ ልጆች! እሷ ደግሞ በመሃላችን ትዞራለች፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ።»

«አንቺስ?»

«አነበብኩዋ። ማን ይሰማል ብለሽ ነው» አለችና እንጀራዋን ቆረሰች።

እኔም ቆረስኩ። ሳትጠይቀኝ ሽሮ ጨመርኩላት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤት ክፍሎች መምህራን አቤት አሉ። ሒሳብ ማስተማር አልቻልንም አሉ። ርእሰ መምህሩ «ይህ ትምህርት ቤት ነው ገበያ?» አሉ ተባለ። በመጨረሻም ዓርብ ዕለት ራሳቸው ገብተው ሊሰሙ ወሰኑ፤ ጥቂት ወላጆችም ይጠሩ ተባለ። ጩኸት ብቻ ሆኖ ካገኙት ይቆማል። እንግዳዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ነይ» አለችኝ።

ልጄ ግን «እማዬ፣ እንዳትመጪ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ሄድኩ።

ነጠላዬን አጣፍቼ፣ መሥሪያ ቤት አስፈቅጄ፣ ከርእሰ መምህሩ ጎን በመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ በመስኮቱ በኩል፣ መሃል ረድፍ ላይ ናት። አየችኝ። ፊቷን አዞረች። ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ የደምበጫ ልብሷ ከአልጋዋ ሥር በፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጧል። ስጠርግ አይቼዋለሁ።

እንግዳዋ እጇን አንሥታ አወረደች። ንቦቹ ተነሡ።

ምን ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ሰባ ልጆች ናቸው። አባታቸው በቆሎ የሚዘራ አሉ፤ እናታቸው ጉልት የምትቸረችር አሉ፤ ከገጠር መጥተው ሦስት አራት ሆነው ቤት የተከራዩ አሉ። እያንዳንዱ የራሱን ገጽ ይዞ፣ የራሱን ነገር፣ በሰው ቋንቋ ያነባል። ድምፁ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል። ርእሰ መምህሩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። የአባቴ ዛፍ ሥር ያለሁ መሰለኝ። አምላኬ ሆይ፣ አንድ ነገር እኮ ነው አልኩ በልቤ፤ ያም ይህም አንድ ነገር ነው፤ አፍ ሰጥተኸናል።

ከዚያ የራሴን ፈለግሁ። ሃያ ሕፃን ሲያለቅስ የራሷን ታውቅ የለ? ጊዜ አልወሰደብኝም። ከመስኮቱ በኩል፣ ከሁሉም በላይ፣ ከሸንተረር ሸንተረር የሚሄደው ያ ድምፅ። አምስት ወር ከቤት ያልወጣው።

እንግዳዋ ከልጆቹ ጋር የተስማማችበት ሥርዓት ነበራት። እየዞረች የአንዱን ዴስክ በጣቷ ትነካለች። እጇን ስታነሣ ሁሉም ዝም ይላል፤ ዴስኩ የተነካው ብቻ ይቀጥላል። ሦስት ልጆች እንዲህ አነበቡ፤ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር እያሉ በእፍረት ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉም እንደገና ጀመሩ፤ እሷም ወደ መስኮቱ ሄደች።

የልጄን ዴስክ ነካች። ልጄ አላየችም። ገጹን በቃሏ ይዛው ዓይኗን ጨፍናለች፣ ልክ እንደ አያቷ። የእንግዳዋ እጅ ተነሣ። ስልሳ ዘጠኙ ዝም አሉ። አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ብቻዋን መሆኗን አላወቀችም። ታነባለች። «አያቴ» የሚለውን ቃል ያዝኩ፤ «ወንዝ» የሚለውን ያዝኩ፤ «ድምፅ» የሚለውን ያዝኩ። የቀረውን አላወቅሁትም፤ ግን የቀረኝ ነገር የለም። ርእሰ መምህሩ ወደ ፊት ዘንበል ብለው አገጫቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«እልልልልልል!»

የእኔ ነው። ከየት እንደወጣ አላውቅም። በሁዳዴ፣ ከበሮና ጸናጽል ባረፉበት ጾም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በርእሰ መምህሩ ጆሮ ሥር።

ክፍሉ ፈነዳ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ዴስክ ተመታ። ከጥግ አንዱ፣ «ማዶ! እናትሽ ከማዶ እየጠሩሽ ነው!» አለ። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ልጄ ዓይኗን ገለጠች። ብቻዋን እንደሆነች፣ ሁሉም እንደሚያዩአት፣ ሁሉም እንደሚስቁ አየች። ድምፅዋ ቆመ።

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትሁት። እመቤታችን የከፈተችውን እኔ በአንድ ትንፋሽ መልሼ ዘጋሁት አልኩ። ፌስታሉ ታየኝ። የደምበጫ መኪና ታየኝ። ርእሰ መምህሩ ሊነሡ ከመቀመጫቸው ከፍ አሉ። እንግዳዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ልጄ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደዚያ ወደ ጥጉ ልጅ ዞረች፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረስ ቤት ድምፅዋ ተናገረችው። የመጀመሪያው ገባኝ፤ «እናቴ ናት» ነው ያለችው። ሁለተኛውን እንግዳዋ ናት በኋላ የነገረችኝ፤ «እያመሰገነች ነው» ብላለች።

ሳቁ ሲወርድ ተሰማኝ። ከፊት፣ ከመሃል፣ ከጥጉም።

ልጄ ያቆመችበትን አልፈለገችም። ወረቀቷን ወደ ላይ መለሰችው፤ ትከሻዋን አስተካከለች፤ ከመጀመሪያው ጀመረች። የተቋረጠ ከመጀመሪያው ነው። እስከ መጨረሻው ሄደች። ርእሰ መምህሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ስትጨርስ እሳቸው ለእንግዳዋ፣ «ጫጫታው ይቀጥል፤ መስኮቱ ግን ይዘጋ» አሉ። ወደ እኔም ዞር ብለው፣ «እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ ለወላጆች በዓል ይቀመጡልን። ሞቅ የሚያደርግልን አጥተን ነበር» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በባጃጅ ስንመለስ ልጄ ደብተሯን በእኔና በእሷ መሃል አስቀመጠች።

«እሺ ብለሽኝ አልነበር?» አለች ገበያው ጋ ስንደርስ።

«ብዬ ነበር።»

«እማዬ!»

«ልጄ።»

ሳቋ አመለጣት። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አየን። ልጄ ወደ ውጭ እያየች፣ «ለአክስቴ ደውይላት» አለችኝ።

«ምን ልበላት?»

«ሌላ ሰው ትፈልግ።»

በማግሥቱ የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ፣ ስለቴንም በሁዳዴ እልል ማለቴንም ተናገርሁ።

«የት ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«ትምህርት ቤት።»

«ከበሮ መትተሻል?»

«ኧረ አባ!»

«እንግዲያማ ቀላል ነው» አሉ፤ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። «ስለቱን ግን አታዘግዪ።»

አላዘገየሁም። ፋሲካ አለፈና በግንቦት ልደታ ጥላውን ይዘን ሄድን፤ እኔ፣ ልጄ፣ ነጠላ ያለበስናት እንግዳችን። ከጥቂት ቀናት በኋላ አገሯ ገባች። ዛሬ መንገዱም ጊዜውም እንደዚያን ጊዜ አይደለም፤ ያለችበት ድረስ ምስጋናዬን የማደርስበት ቃልም የለኝም። በጸሎቴ ግን አለች።

ያን ዕለት ካህኑ ጥላውን ተቀብለው ሲዘረጉት ዘርፉ በፀሐይ አብረቀረቀ። እልል ልል አፌን ከፈትሁ። እንባዬ ቀደመኝ፤ እልልታው አልወጣም። ሰው ሁሉ ስለት ያገባችውን ሴት እልልታ እየጠበቀ ነው።

ያኔ ከጎኔ ልጄ አቀለጠችው። ወንዝ ማዶ የሚሰማ ድምፅ ነው።